ሳልለካ የገዛሁት ቆርቆሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለቤቴ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተቀጠረች በዓመቱ፣ በግንቦት ወር መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም። ዝም ያልኩት ስለሚያስፈራ አይደለም፤ ፍርሃቱስ አልፏል። ስለሚያሳፍር ነው። አሁን የምጽፈው ሰሞኑን ቤት የሚሠራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቆርቆሮ ከዘመድ ልግዛ ወይስ ከማላውቀው ሰው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ተሳስሮ ስለቀረ ነው።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። መቐለ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ መጥቼ ለተይን አገኘኋት፤ የመመለሴ ነገር በዚያው አበቃ። ለተይ የመቐለ ልጅ ናት። ስትናገር ነገር አታለባብስም። እኔ ደግሞ ጋባዤን ቅር እንዳይለው ብዬ ያልጣመኝን ወጥ ሁለቴ የማስጨምር ዓይነት ሰው ነኝ።

ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ትንሽ ቦታ አግኝተን የድንጋይ ቤት ጀመርን። ግድግዳው አልቆ ጣሪያ ላይ ስንደርስ ለተይን ሐሳብ ገባት። ባለፈው ዓመት በዚያው ሰፈር የወረደ በረዶ የብዙ ሰው ጣሪያ ወንፊት አድርጎ ነበር። ያን ጊዜ እዚያው ተከራይተን ስለነበር በዐይናችን አይተናል። ወፍራም ቆርቆሮ የከደነ ሰው ጣሪያው ተጎዳጉዶ ብቻ ተረፈለት። ስስ የከደነ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሲያለቅስ ሰነበተ።

ለማያውቅ ልንገር። ቆርቆሮ የሚሸጠው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይሳሳል። ሃያ ስምንት ወፍራም ነው፣ ሠላሳ አምስት ስስ። እኛ አቅማችንን አይተን ሠላሳ ሁለት ይበቃናል አልን። ችግሩ፣ ሠላሳ ሁለት ተብሎ የሚሸጥ ነገር ግን ሠላሳ ሁለት ያልሆነ ቆርቆሮ ገበያው ውስጥ አለ። በዐይን ደግሞ አይለይም።

«አንተ የፊዚክስ መምህር አይደለህ እንዴ? ለካዋ!» አለችኝ ለተይ።

እውነቷን ነው። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ማይክሮሜትር አለ፤ በእጅ የሚያዝ፣ የወረቀት ውፍረት እንኳ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። ፈርሜ ወሰድኩት። ልገዛ ስወጣ ለተይ ኪሴን ዳበስ አድርጋ መያዜን አረጋገጠች። «እናቴና ልጄ ናቸው ሥሩ የሚውሉት። አደራ» አለችኝ።

እናቷ አደይ ብርኽቲ ከእኛ ጋር ነበሩ። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። ልጃችን ሶልያና ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር። እኛ ሥራ ስንሄድ እሷ ከአያቷ ጋር አልጋው ላይ ስትጫወት ትውላለች፤ አንዲት ጎረቤታችን እየገባች እየወጣች ታያቸዋለች። እንግዲህ ጣሪያው የሚያስጨንቀን ለዚህ ነበር።

የሄድኩት እትዬ ለምለም ሱቅ ነው። እትዬ ለምለም የሶልያና የክርስትና እናት ናቸው፤ አበልጃችን። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ወፈር ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሳቃቸው ከሱቁ ውጭ የሚሰማ ሴትዮ ናቸው። ከእሳቸው ሌላ ዘንድ መሄድ የማይታሰብ ነው። አበልጁ ቆርቆሮ እየሸጠች ከሌላ ገዛ ቢባል ሰው ምን ይላል?

ገና ሲያዩኝ «መምህር! ጓለይ ደኅና ናት?» አሉኝ። ሶልያናን ነው፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ወንበር ተሰጠኝ፣ ሻይ ታዘዘልኝ። ቆርቆሮው ከኋላ ወጣ። የአንዱን ጫፍ ይዤ ከፍ ሳደርገው ተርገበገበ። እጄ ላይ ቀለለኝ።

«ሠላሳ ሁለት ነው አይደል?» አልኩ።

«ሠላሳ ሁለት ነው እንጂ! ለክርስትና ልጄ ስስ እሰጣለሁ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማይክሮሜትሩን ጨብጬዋለሁ፤ ብረቱ በላቤ ሞቋል። አሁን ይህን አውጥቼ ፊታቸው ብለካ ምን ማለት ነው? ልጄን በሰማንያ ቀኗ ታቅፈው ክርስትና ያነሷትን ሴት «አላምንዎትም» ማለት አይደለም? ያውም ሻያቸውን እየጠጣሁ! እጄን ባዶውን አወጣሁ። ሻዬን ጨረስኩ። ቆርቆሮው ተጫነ።

ቤት ስደርስ ለተይ «ለካኸው?» አለችኝ።

«ለክቼዋለሁ» አልኩ። ጫማዬን እየፈታሁ ነው የዋሸኋት። ፊቷን ላለማየት ክሩን ሁለቴ ቋጥሬ ሁለቴ ፈታሁት።

ጣሪያው በሚመታበት ቀን አናጺው ከላይ ሆኖ «መምህር፣ ይሄ ነገር መዶሻም አይፈልግ፤ ሚስማሩ በጣቴ ይገባልኛል!» ብሎ ቀለደ። «ቀልዱን ተውና ምታ!» ብዬ ጮኽኩበት። ሰውዬው ደንግጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ምን በደለኝ? ምንም። በራሴ መናደዴን ነው እሱ ላይ የተወጣሁት።

ጣሪያው አልቆ፣ ኮርኒሱም ተሠርቶ ከገባን በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ የተጣለ ቁራጭ ቆርቆሮ አየሁ። ማይክሮሜትሩን ገና ለትምህርት ቤቱ አልመለስኩትም ነበር። አወጣሁና ለካሁ። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ። በሌላው ጫፍ ለካሁ። ሠላሳ ሁለት አይደለም። ሠላሳ አምስትም አይደለም፤ ከዚያም ይሳሳል።

የዚያኑ ቀን ለሚስቴ ብነግራት ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ቁራጩን አጣጥፌ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። እንደ ካርቶን ነው የታጠፈልኝ።

ለእትዬ ለምለም ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሱቃቸው ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቴ ሰው ነበረባቸው። በሦስተኛው ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ አፌን ከፈትኩና «የበር ማጠፊያ ይኖራል?» አልኩ። ያን ቀን ሻይ አላዘዙልኝም። ዐይኔን ሳያዩ ማጠፊያውን ጠቅልለው ሰጡኝ። ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ሰማይ ማየት ሆነ። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀኝ እኔ መስኮት ላይ ነኝ። አንድ ቀን የአደይ ብርኽቲን አልጋ ወደ ሳሎን እናዛውረው አልኩ፤ ሳሎኑ በከባድ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ ስላለበት ቢያንስ ሥሩ ይገባሉ ብዬ ነው።

«ለምን?» አለች ለተይ። «አሁን ያሉበት ክፍል እኮ ፀሐይ ያገኛል።»

አልጋው እዚያው ቀረ።

ሚያዝያ ላይ ደኅና ዝናብ ጣለ። አንድ ጠብታ እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም። ለተይ ኮርኒሱን ቀና ብላ አይታ «አይ መምህር! ጎበዝ!» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ምሳ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሳልነካው ተነሳሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቼን እየፈተንኩ ነበር። ክፍሉ ድንገት ጨለመ። ወደ ውጭ ሳይ ደመናው የተለመደው አልነበረም፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ነጣ ብሎ አረንጓዴ የሚመስል ነገር ያለበት። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ቀለም ያውቀዋል። ነፋሱ ቀዘቀዘ። አንዲት የበረዶ ፍሬ የመስኮቱን ጠርዝ መትታ ወደ ውስጥ ገባችና ወለሉ ላይ ተንከባለለች። የእርግብ እንቁላል ታህላለች። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ወረቀቱን ለሌላው ፈታኝ አስታቅፌ ወጣሁ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ለተይ ፋብሪካ ናት፤ ከዚያ አትደርስም። ልደውልላት ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ምን ልበላት? «ጣሪያው ሊበሳ ነው» ብላት «እንዴት አወቅህ?» አትለኝም?

ባጃጆቹ ሁሉ ከየመጠለያው ሥር ገብተው ቆመዋል። አንዱን ለመንኩት። «መምህር፣ መስታወቴን ልታስረግፈው ነው?» አለኝ። ጃኬቴን ራሴ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። በረዶው ትከሻዬንና የእጄን አንጓ ይቀጠቅጠኛል። መንገዱ ነጭ ሆኖ ያንሸራትታል፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ከየቤቱ ጣሪያ የሚወጣው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

የማልፈውን ቤት ሁሉ ጣሪያ አያለሁ። ይሄ ቆሟል። ይሄም ቆሟል። የእኔም ይቆማል፣ ለምን አይቆምም፣ እላለሁ። ከዚያ ያ ቁራጭ በእጄ ሲታጠፍ ትዝ ይለኛል። «እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ! ዛሬን አሳልፊልኝና ነገ እናገራለሁ!» እያልኩ ጮኼ እየለመንኩ ነው የሮጥኩት። ሰው አይቶኝ ቢሆን አበደ ይለኝ ነበር።

ቤታችን ስደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቤቱም በር እንደዚያው። ከጣሪያው አንድ ጥግ ሁለት ቆርቆሮዎች ተነቅለው በነፋሱ ይማታሉ። ሚስማሮቹ ከነራሳቸው እንጨቱ ላይ ቀርተዋል፤ ተቀዶ የወጣው ቆርቆሮው ነው። ያ ጥግ የአደይ ብርኽቲ ክፍል ነው።

ዘልዬ ገባሁ። የኮርኒሱ ግማሽ ወርዷል፤ ግማሹ በረዶና ውኃ ተሸክሞ ሆዱን ነፍቶ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አልጋው አለ። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ የሌላኛውን አልጋ ፍራሽ በራሷና በጀርባዋ ተሸክማለች። ነጠላዋ ደም ነክቶታል። ቀና ስትል እትዬ ለምለም ናቸው።

ከፍራሹ ሥር የሶልያና ለቅሶ ይሰማል። «ኣጆኺ ጓለይ፣ ኣጆኺ» ይሏታል እትዬ ለምለም፤ አይዞሽ ልጄ እያሉ። እኔን ሲያዩ «ልጅቷን ውሰድ!» ብለው ጮኹብኝ።

እጄን ከፍራሹ ሥር ሰደድኩ። አደይ ብርኽቲ ሶልያናን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘዋታል፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። «ንዓይ ግደፈኒ፣ ንዓኣ ውሰዳ» አሉኝ፤ እኔን ተወኝ፣ እሷን ውሰድ። ልጄን ሳሎን ጠረጴዛ ሥር አስገብቼ ስመለስ የተንጠለጠለው ኮርኒስ ተዘረገፈ። ሙሉውን እትዬ ለምለም ላይ ነው የወረደው። «እምጵ» የሚል ድምፅ ብቻ አወጡ። ጎንበስ አሉ እንጂ ፍራሹን አልለቀቁም።

አልጋው ካልተፈታታ በበሩ አይወጣም። አማቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እኔ በራስጌ እትዬ ለምለም በግርጌ ይዘን፣ በረዶ እየረገጥን ወደ ሳሎን አወጣናቸው። ከሕመሙ የተነሳ ክንዴን እስኪደማ ቧጠጡኝ። ከዚያም የባሰ ቢያደርጉኝ ይገባኝ ነበር።

በረዶው መቼ እንዳባራ አላስተዋልኩም። ብቻ ጸጥ ሲል የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ሶልያና ጭረት እንኳ አልነካትም። አደይ ብርኽቲ ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን ደኅና ናቸው። ጎረቤታችን ሮጣ መጣችና የእትዬ ለምለምን ግንባር በፎጣ አሰረችላቸው። እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነስ፣ ተነስ፣ ምን ነካህ!» አሉ። ጉልበታቸው አብጦ ቀሚሳቸውን ወጥሮታል። «ሱቁን እንኳ ሳልዘጋው ነው የወጣሁት።»

ለተይ በፋብሪካው ሰርቪስ መጣች። መንገድ ላይ የወደቀውን ዛፍና የተሰባበረውን መስታወት ሁሉ አይታ ስለመጣች ፊቷ ነጭ ሆኗል። እናቷን ዳበሰች። ልጇን ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ፈተሸች። እትዬ ለምለምን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ መኝታ ክፍሉ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የተቀደደ ቆርቆሮ ይዛለች፤ በሁለት ጣቷ።

«እትዬ ለምለም» አለች ቀስ ብላ። «ሱቅዎ እኮ ሩቅ ነው። በዚህ ጉልበትዎ እዚህ የደረሱት በረዶው ሳይጀምር ወጥተው ነው። ለምን ወጡ?»

ይህ ነገር ለእኔ ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። እትዬ ለምለም የታሰረ ግንባራቸውን በእጃቸው ደገፉ።

«ደመናውን አይቼ» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«እወ» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ስሸጥለት አላወቅሁም፣ በልጆቼ። እኔንም ያመጣልኝ ሰው አታሎኝ ነው። ከሳምንት በኋላ ሌላ ገዢ ‹ይሄ ምንድን ነው?› ብሎ መለሰልኝ። ያኔ አወቅሁ። ልነግራችሁ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ አፍራለሁ። ነገ፣ ነገ ስል ጣሪያው ተመታ አሉኝ። አንድ ቀን መምህር ሱቅ መጣ። አወቀ፣ አሁን ይናገረኛል፣ እኔም እገላገላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ማጠፊያ ገዝቶ ሄደ።»

ለተይ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አንተስ?»

አላወቅሁም ማለት እችል ነበር። ስለካ ማንም አላየኝም። ቁራጩም ከቆሻሻ ጋር ከሄደ ቆይቷል። ግን እትዬ ለምለም በዚያ በታሰረ ግንባራቸው ፊቴ ተቀምጠው አፌ እምቢ አለኝ።

«እኔም» አልኩ።

ለተይ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ልጇን አንስታ ወደ ጎረቤት ቤት ሄደች።

እትዬ ለምለም በሳምንቱ ሙሉውን ጣሪያ በሃያ ስምንት ቁጥር ቀየሩልን። አንድም ሳይቀር እንድለካ አስገደዱኝ። እሳቸው አንዱን ጫፍ ይዘው ቆመው እኔ በፊታቸው ለካሁ። ሁለታችንም ቀና ብለን መተያየት አልቻልንም። ለተይ ይቅር ካለቻቸው ቆይታለች። ዛሬም አበልጅ ነን፤ በዓል ሲመጣ ቀድማ የምትደውለው ለእሳቸው ነው።

የእኔ ነገር ግን ዘገየ። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ታናግረኛለች፣ ሰው ፊት ትስቃለች። ግን የሆነ ነገር ቀርቷል። ብዙ ወር ታግሼ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «እሳቸውን ይቅር ብለሽ እኔን ለምን? እኔም እኮ ሮጫለሁ» አልኳት።

«መሮጥህን አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን አንተ በየጠዋቱ ልጅህን ስመህ፣ እዚያ ሥር ትተሃት ትወጣ ነበር።»

ልክ ናት።

ሶልያና አሁን አድጋለች። ያን ቀን አታስታውሰውም። በረዶ ሲጥል እንዲያውም ደስ ይላታል፤ ሳህን ይዛ ትወጣና ለቅማ ትበላለች። ተኝታ ከሆነ ግን፣ ጣሪያው ወፍራም መሆኑን በእጄ ለክቼ እያወቅሁ፣ የመጀመሪያዋ ፍሬ ቆርቆሮውን ስትመታ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ክፍሏ እገባለሁ። እስኪያባራ ድረስ ከአልጋዋ አጠገብ እቆማለሁ። ለተይ በበሩ በኩል ታየኛለች። ና ተቀመጥ ብላኝ አታውቅም።